አባባ ፊልሙን ያየ ዕለት

ቀጮዬ፣

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ዓይንሽ እንዴት ነው? ጀርባሽስ? ይህን የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ የስፌት ሰው ዓይኑና ጀርባው ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ ደህና እንደሆነ እኔም አንቺም ስለምናውቅ ነው። እንቅልፍስ ትተኛለሽ? ምግብ ተቀምጠሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ድሮው ቆመሽ እየጎረስሽ ነው? እማማ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጻፍ ብላኛለች፤ እኔ አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ሁለቱን አንቺ ጨምሪበት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የእማማ ጉልበት ከበፊቱ ይሻላል። ሚስቴም ደህና ናት፣ ያው ቢሮዋ ትገባለች ትወጣለች። እኔም እንደምታውቂኝ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ብዙ አወራለሁ። ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ ሳወራ እያቋረጥሽ ትስቂብኛለሽ፤ ዛሬ ደግሞ መቋረጥ አልፈልግም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የሚስቴ የአክስት ልጅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ዕቃም ይሰጥሻል። ደብዳቤው ላይ ፍቻት እስክልሽ ድረስ እንዳትፈቻት። አውቅሻለሁ፣ ትዕግሥት አልፈጠረብሽም፤ ምናልባት ይህን ስታነቢ ፈትተሻታል። ካልፈታሻት ግን እባክሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጫትና አንብቢ።

ስለ አባባ ልንገርሽ። በስልክ ስትጠይቂኝ «ደህና ነው» ብዬ የማልፈው ዋሽቼሽ አይደለም፤ ደህና ነው። ግን ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ «ቀጮ» የምትለው ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ራሱ ያወጣልሽን ስም ራሱ ቀበረው። ስላንቺ መናገር ግድ ከሆነበት «ያቺ ልጅ» ይላል። እማማ ከአንቺ ጋር በስልክ ስታወራ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ በሩን ግን አይዘጋውም። ይህን በሩን አለመዝጋቱን ያስተዋለችው እማማ ናት። እኔና እሷ አራት ዓመት የኖርነው ያንን የተከፈተ በር እያየን፣ አንድ ቀን ስምሽን ይጠራ ይሆናል እያልን ነው።

የተለያያችሁበትን ቀን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዛሬ የማነሳው ቁስል ልነካካ ብዬ ሳይሆን፣ ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽ ሁሉ ከዚያ ቀን ጋር የተሰፋ ስለሆነ ነው። ከዘፋኟ ቡድን ጋር ልሄድ ነው ስትይው አባባ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። ለዘፋኝ የሚሰፋ ልብስ ልብስ አይባልም አለ። ልብስ ማለት ባለቤቱ የሚያረጅበት፣ ሲያረጅም ለልጁ የሚያሳጥርለት ነው፤ አንቺ ልትሰፊ የምትሄጂው ግን ለአንድ ምሽት አብለጭልጮ በማግሥቱ የሚጣል ጨርቅ ነው አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መቀሷን ጠየቀሽ። የመጀመሪያውን ኮት ብቻሽን የቆረጥሽ ቀን በሰማያዊ ጥብጣብ አድርጎ ራሱ አንገትሽ ላይ ያንጠለጠላትን ትንሿን የክር መቀስ። ከጥብጣቡ ፈትተሽ ሰጠሽው። ጥብጣቡን አልጠየቀሽም፣ አንቺም አልሰጠሽውም።

መቀሷ ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅላ ቀረች። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንዲት ክር ልቆርጥባት ባወርዳት፣ ምንም ሳይል ከእጄ ወስዶ መልሶ ሰቀላት። ከዚያ በኋላ ነክቻት አላውቅም። አትፍረጂበት እህቴ። ሱቁን ሊያወርስ ያሰበው ለአንቺ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እጁ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ እኔ ጋ ያለው አፉ ብቻ ነው። ደንበኛው ሁሉ ኮቱን ለአንቺ፣ ወሬውን ለእኔ እንደነበር አትርሺ።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ስለ ዘፋኝሽ ከመድረክ ጀርባ ያለ ሕይወት የተሠራው ያ ፊልም ወጥቶ ሰው ሁሉ ሲያወራለት፣ እኛ የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። አንቺ እንደሆንሽ ትንፍሽ አላልሽም! ስድስት ወር ሙሉ ካሜራ ሲከተላችሁ ከርሞ፣ በስልክ የነገርሽኝ ስለ ዝናብ ነው። ሚስቴ ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስታይ ድንገት አንቺ ብቅ ትያለሽ። ወዲያው ደወለችልኝና መጀመሪያ ቁጭ በል አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መቼ ቆሜ አውቃለሁ አልኳት።

እማማ መጀመሪያ ያየችሽ በሚስቴ ስልክ ነው። ፊትሽ ሲመጣ በጣቷ ትዳብስሻለች፤ ስትነካው ፊልሙ ቀጥ ይላል። እንደገና እናስጀምርላታለን፣ እንደገና ትዳብስሻለች፣ እንደገና ይቆማል። አንቺ የታየሽባትን ቁራጭ ለማየት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ እንድታይ ለመንናት፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እያለቀሰች አየችሽ። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባታችሁ ይህን ማየት አለበት አለች።

ማን ደፍሮ ይንገረው? አንቺ አለሽበት ብንለው አያይም። ስለዚህ ተማከርን። መብራት ሠሪውን «ጨለማ»ን ታስታውሺዋለሽ፤ የነካው ሁሉ ስለሚጠፋ ያወጣንለት ስም ዛሬም አልለቀቀውም። ከእሱ ጋር ተስማማንና አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሱቅ መጣ። ለአባባ የደንበኛ ዕቃ ነው፣ ጠግኜዋለሁ፣ ባለቤቱ እስኪወስደው እዚህ ልሞክረው ብሎ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ከፊት ለፊታችን ላሉት ለጫማ ሰፊው ለጋሼ የነገርናቸው ፊልሙ ሊጀመር ሲል ነው፤ ለእሳቸው ምሥጢር መንገር በድምፅ ማጉያ ከመለፈፍ አይለይም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባባ የአንድ ጡረተኛ መምህር ካፖርት ገበር እየቀየረ ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ፤ ስለ ዘፋኝ መሆኑን ሲሰማ በአፍንጫው ተነፈሰና ድምፁን ቀንሱት ብሎ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጀርባውን ሰጠን። እኔና እማማ ተያየን። ነገራችን ሳይጀመር ያለቀ መሰለኝ።

ፊልሙ ቀጠለ። ዘፋኝሽ ልጅነቷን ታወራለች፣ መኪና ውስጥ ታለቅሳለች፣ ከሥራ አስኪያጇ ጋር ትጨቃጨቃለች። ጋሼ ጫማ ሰፊው ይህ ሁሉ ሕዝብ እየወደዳት ምን ያስለቅሳታል ይላሉ። እማማ እንቅልፍ ነው ያጣችው፣ ዓይኗን አታዩትም ወይ ትላለች። አባባ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዴም አንገቱን አላዞረም።

ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ወደ መድረክ ልትወጣ ሰባት ደቂቃ ሲቀራት፣ ያንን ነጩን ቀሚስ የመብራት ማቆሚያው ብረት ያዘውና የግራ እጅጌው ከትከሻው ተገነጠለ። ጨርቁ ሲቀደድ አባባ ጀርባውን እንደ ሰጠን ትከሻው ሰቅ ሲል አይቼዋለሁ። በፊልሙ ውስጥ ሁሉም ይጮኻል። አንዱ ሌላ ልብስ አምጡ ይላል፣ አንዱ ሰዓት ይገፋ ይላል፣ ዘፋኝሽ እጇን እንደ ዘረጋች ደርቃ ቀርታለች። አንቺ ከመሃላቸው መጣሽ። አልሮጥሽም። ክሩን መርፌው ውስጥ አስገብተሽ ነው የመጣሽው። ሁለት ጊዜ እንደወጋሽ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ተጠግቶ ሲያጎነብስብሽ፣ ቀና እንኳ ሳትይ «ከብርሃኔ ላይ ዞር በል» አልሽው።

የአባባ መኪና ቀጥ አለ።

ይህን ቃል አባባ ያላለው ማን አለ? ለደንበኛ ይላል፣ ለፖሊስም ብሏል፣ ጋሼ ጫማ ሰፊው ጠዋት ሰላም ሊሉት በመጡ ቁጥር ይላቸዋል፣ ለእኔማ በቀን አሥር ጊዜ ነው። ቃሉ የሱ፣ ድምፁ ያንቺ። ቀስ ብሎ ዞረ። የቅርቡን መነጽር አውልቆ የሩቁን በጠረጴዛው ላይ ይፈልግ ጀመር፤ የሩቁ ግንባሩ ላይ ነበር፣ ማንም ደፍሮ አልነገረውም። ራሱ አገኘውና አጠለቀው። ጋሼ ጫማ ሰፊው እንኳ ዝም አሉ፤ ይህን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየሁት።

ሰውዬው ከብርሃንሽ ዞር ብሎ ስፌት ማን አስተማረሽ ብሎ ሲጠይቅሽ «አባቴ» አልሽው። መርፌሽም አልቆመችም። አባባ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም፣ ካፖርቱን የያዘው እጁ ብቻ ጠበቅ አለ። ከዚያ ሰፍተሽ ጨረስሽ፣ ቋጠርሽ፣ መቀስ አልነበረሽምና ወደ ዘፋኝሽ ትከሻ ጎንበስ ብለሽ ክሩን በጥርስሽ በጠስሽው።

አባባ ብድግ አለ። ካፖርቱ ከጭኑ ላይ ወደቀ። ጨርቅ መሬት ሲነካ ከሰው ጋር የሚጣላው አባባ፣ የሰው ካፖርት ከእግሩ ሥር ወድቆበት አላየውም። ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ «በጥርስሽ አይደለም! ስንት ጊዜ ልንገርሽ!» ብሎ ጮኸብሽ።

ዘፋኝሽ መድረክ ላይ ወጣች፣ ሕዝቡ ቀወጠው፤ እኛ ግን ማንም አላያትም። ሁላችንም የምናየው አባባን ነው። እሱም የተናገረው ለጆሮው የደረሰው ያኔ ነው መሰል፣ ጣቱን እንደቀሰረ ቀረ። መጀመሪያ የተናገሩት ጋሼ ጫማ ሰፊው ናቸው፤ አራት ዓመት አምቀህ አምቀህ ያወጣሃት ይቺን ናት ወይ አሉት። «ጨለማ» ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በሩን ይዞ ወጣ። እማማ ሳቅና ለቅሶው ተደባልቆባት በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ግን እውነቴን ነው የምልሽ ኮራሁ። አባቴ ሲቆጣሽ እንደዚያ የምኮራ አይመስለኝም ነበር። የማያውቁትን ሰው ማን እንዲህ ይቆጣል?

አባባ ካፖርቱን አንስቶ አራገፈና መልሱት አለ። ወደ ኋላ መለስንለት። አየ። አሁንም መልሱት አለ። ስምንት ጊዜ አየው እህቴ፤ ጋሼ ጫማ ሰፊው ቆጥረዋል። በአምስተኛው ላይ እጅጌውን ገልብጠሽ ውስጡ የሚታይበት ቦታ ላይ አስቆመውና አፍንጫው መስተዋቱን እስኪነካ ተጠጋ። ከዚያ ጋሼን ጠርቶ ማስተማር ያዘ። ጨርቁ ከስፌቱ አጠገብ እንጂ ስፌቱ ላይ አልተቀደደም፣ ተመልከት አላቸው። መጀመሪያ ቀሚሱን ስትሰፋ ትርፉን ጨርቅ አጥፋ ደግማ ሰፍታዋለች፣ ገበሩንም በእጇ ነው የያዘችው፣ ማንም ለማያየው ቦታ አላቸው። እሳቸው እኔ ጫማ እንጂ ልብስ መች አውቃለሁ ቢሉትም አልሰማቸውም። መጨረሻ ላይ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ለአንድ ምሽት ብላ አልሰፋችውም» አለ።

ከዚህ በላይ ምን ልትሰሚ ትፈልጊያለሽ? የተለያያችሁ ቀን ያለሽ ሁሉ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ፈረሰ። እማማም ይህን ስታይ ልቧ ሞላና አንገቷን፣ አንገቷን እዩት አለች። አየነው። ያ ሰማያዊ ጥብጣብ አንገትሽ ላይ አለ፤ ቀለሙ ለቋል፣ መቀስ በነበረበት ቦታ መርፌ ቁልፎች ደርድረሽበታል። አባባ ይበቃል፣ አጥፉት አለ። ወደ ወንበሩ ተመልሶ መርፌ ያዘ፤ ግን እስኪመሽ ድረስ አንድም አልወጋባትም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ደግሞ ስሚ። ሰኞ ዕለት ሚስቴ ከቢሮ ስትወጣ ሱቅ ጎራ ብትል፣ አባባ ቀና ሳይል ሰዎቹ ስለዚያች ዘፋኝ ምን ይላሉ ብሎ ጠየቃት። ስለ ዘፋኝ! በስልሳ ስምንት ዓመቱ! እሷም ነገሩ ገብቷት ከፊልሙ ሥር ተመልካቾች የጻፉትን አስተያየት ታነብለት ጀመር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ ሆነ። ልክ ሥራ ሲያልቅ ወንበር ይስብላታል፣ ጋሼም ጫማ ይዘው ይሻገራሉ፣ እሷ ታነባለች፣ እኛ እንሰማለን።

ስለ ዘፋኟ የተጻፈው መዓት ነው። አንዷ ሳለቅስ አደርኩ ትላለች፤ አንዱ የሀብታም ለቅሶ ነው ይላል፤ አንዱ ፀጉሯን ማን ነው የሠራት ይላል። ስላንቺ ግን አስቢው፣ ስላንቺ ብቻ የተጻፈውን አንብበን አልጨረስንም። አንዲት ሴት ፊልሙን የከፈትኩት ለዘፋኟ ነበር፣ አራት ጊዜ የተመለስኩት ግን ለባለ መርፌዋ ነው ብላለች። አንዲት ነርስ ደግሞ ነገር ሁሉ ሲንጫጫ እንዲህ ዝም ብሎ የሚሠራ እጅ የሚገኘው እኛ ጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር ብላ ጽፋለች። አንዱማ ቤቱ ውስጥ የቆመበትን ሰው ሁሉ ከብርሃኔ ላይ ዞር በል ማለት መጀመሩን፣ ሚስቱም ከቤት ልታስወጣው መሆኑን ተናግሯል። አባባ ይህን ሲሰማ ሚስትየዋ ልክ ናት አለ።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ይህች ልጅ እህቴ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አንዱ «እኔም አጎቷ ነኝ» አለኝ። ሌላው «እኔ ደግሞ መርፌዋ ነኝ» አለ። ማስረጃ ብዬ የሱቃችንን ፎቶ ባስቀምጥ፣ የልብስ ስፌት ማስታወቂያህን ሌላ ቦታ ለጥፍ ብለው ሰደቡኝ። ሦስት ቀን ከማላውቀው ሰው ጋር ስጨቃጨቅ ሚስቴ ስልኬን ደበቀችብኝ። አባባን ግን ከሁሉም ያናደደው ሌላ ነው። አንዱ ጉረኛ ቀሚሱ በእውነት አልተቀደደም፣ ለፊልሙ ብለው ሆን ብለው ነው ብሎ ጽፏል። አባባ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የሰማሁት፣ ጨርቅ በድንገት ሲቀደድና በእጅ ሲቀድዱት ድምፁን ለይቼ የማላውቅ ይመስለዋል ወይ ብሎ ለሰውዬው መልስ እንድጽፍለት አዘዘኝ። ስልኬ ተመለሰልኝ።

ሐሙስ ዕለት ያነበበችውን መቼም አልረሳውም። ሠላሳ ዓመት ሰፊ ነበርኩ የሚሉ አንድ አዛውንት፣ እንዲህ ያለ አያያዝ በትምህርት ቤት አይገኝም፣ ይህችን ልጅ ያስተማራት ሰው በሕይወት ካለ እጁን ሳሙልኝ ብለው ጽፈዋል። አባባ እስኪ ድገሚው አላት። ደገመችው። ጋሼ ጫማ ሰፊው ከመቀመጫቸው ተነስተው የእውነት እጁን ይዘው ሊስሙት ሲሉ ሂድ ወዲያ ብሎ ገፈተራቸው። ግን ተደስቶ ነበር፤ ጆሮው ሲቀላ ታውቂው የለም?

ከዚያ ሚስቴ ቀጥላ ሌላ አንድ አነበበች። ሥራዋ ልብ ያሞቃል፣ ግን ለዚህች ልጅ መቀስ የሚገዛላት ሰው ጠፋ እንዴ፣ ክሩን በጥርሷ እኮ ነው የምትቆርጠው ይላል። ብዙ ሰው ስቆበታል። እኛም ሳቅን። ከሁሉ አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ቀና ስል አባባ አይስቅም። መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ምስማር ያያል። እኛም እሱ ወዳየበት አየን፤ ሳቃችን አንድ በአንድ ጠፋ። መቀሷ እንደ ተሰቀለች ናት። አባባ በዝግታ «እኔ ነኝ የወሰድኩባት» አለ። ተነስቶ ወጣ፤ ኮፍያውን እንኳ አላደረገም። ከሱቁ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ሱቁ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ከበሩ ሆኜ አየሁት። እህቴ፣ አባቴ እንደዚያ ሲያሳዝነኝ አይቼው አላውቅም፤ እንደዚያም ወድጄው አላውቅም።

በማግሥቱ ሱቅ ስገባ ምስማሯ ባዶ ናት። ደነገጥኩ። ከጓሮ የሆነ ድምፅ ስሰማ ሄጄ ባይ፣ አባባ ድንጋዩን በጭኑ መሃል አድርጎ መቀሷን ይስላል። ትንሽ ይስልና ቁራጭ ጨርቅ ይሞክርባታል፤ ወፍራሙን፣ ስሱን፣ ሐሩን፣ ከዚያ አንዲት ክር ብቻዋን። አልጣመችውም፣ ይደግማል። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ሥራ ሳይነካ መቀስ ሲስል ዋለ። የካፖርቱ ባለቤት ሲመጣ ቆይ፣ አንገብጋቢ ሥራ ይዣለሁ አለው። ሲጨርስ ከካፖርቱ ገበር በተረፈ ቁራጭ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ላክላት አለኝ። ምን ልበላት ብለው፣ መቀስ ነው፣ ምን ይባላል አለ።

በይ አሁን ጥቅልሏን ፍቻት። ተጠንቀቂ፣ ጫፏ ያገኘችውን ነው የምትቆርጠው። አዲስ ጥብጣብ ልግዛላት ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። አያስፈልግም፣ ጥብጣቡ እሷ ጋ ነው አለኝ።

እማማ ሰላም ትልሻለች፣ ተቀምጠሽ ብዪ ትልሻለች፣ ያ ጥብጣብ ይታጠብ ትልሻለች። ሚስቴን በጣም ናፍቀሻታል፤ ቢሮዋ ውስጥ አሁን «የባለ መርፌዋ ዘመድ» ተብላለች፣ ክብሩን ወዳዋለች። ጋሼ ጫማ ሰፊው ሰላምታቸውን ካቀረቡ በኋላ፣ በሚቀጥለው ፊልም የዘፋኟ ጫማ ተረከዙ ቢወልቅ ማንን እንደምትጠሪ እንዳትረሺ ብለዋል። «ጨለማ» ሰላም ይልሻል። ያ ቴሌቪዥን አሁንም መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። አባባ በየቀኑ ባለቤቱ መቼ ነው የሚወስደው እያለ ይነጫነጫል፣ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ራሱ ይከፍተዋል። እኔም ወንድምሽ እስመሻለሁ። እጅ እንዳለሽ ድሮም አውቅ ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ ሲያውቀው ግን የእኔ ግኝት ይመስል ደረቴን ነፍቼ ነው በመንገድ የምሄደው።

አባባ የቀረ መስሎሽ ይሆናል። ሰላም በልልኝ አላለኝም። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ግን ጠመኔ የሚፈልግ መስሎ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፤ ጥላው ወረቀቴ ላይ ወደቀ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከብርሃኔ ላይ ዞር በል» አልኩት። ጥፊ ጠብቄ ነበር። ዞር አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ፊልሙ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሳየም፣ ያ እጅጌ እስከ መጨረሻው ያዘ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዘፋኟ እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ስፌቱ ምን ሆነ ነው የሚለው። ለካ ይህ ነው ሰሞኑን ሲያብሰለስለው የከረመው። እጠይቃታለሁ ብለው፣ አንተ አትጠይቃት፣ ለእኔ ራሷ ትጻፍልኝ አለ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ አንስቶ «ለውድ እህቴ» ብዬ የጀመርኩትን አየና የእሷ ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም አለ። አባባ፣ ተጽፎ አልቋል እኮ፣ ቦታ የለም አልኩት። አናቱ ላይ አለ ብሎ በጠመኔው ሊጽፍ ጎንበስ ሲል፣ ጠመኔ መንገድ ላይ ይጠፋል ብዬ እስክሪብቶ ሰጠሁት። ለአንዲት ቃል ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ስለዚህ እህቴ፣ መጀመሪያው ገጽ ተመለሽና ከላይ ያለችውን ቃል እንደገና አንብቢያት። የኔ እጅ ጽሑፍ አይደለችም።

ወንድምሽ

ከአባባ ሱቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ አሥራ ሁለተኛው ቀን